ከብት ያማሰለው ኩሬ

ሰው "ሕይወቴን የቀየረችው ቀን" ብሎ ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ከሞት ተርፏል፣ ወይ ፍቅር ይዞታል፣ ወይ አገር ለቋል። እኔ ከሦስቱም የለሁበትም። እኔን የቀየረችኝ አንዲት ላም ናት፤ ያውም ጢም ያወጣች ላም። ጢሙ የአረፋ ነበር። አረፋውን የሠራሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ፣ በማስተርስ ዲግሪዬ።

መጀመሪያ ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰብለ እባላለሁ። ሮቤ ተወልጄ ሮቤ ያደግኩ የሾፌር ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ተምሬ ስመለስ አንድ መሥሪያ ቤት የውሃ ጥራት ባለሙያ አድርጎ ቀጠረኝ። ነጭ ጋውን ነበረኝ፤ ላቦራቶሪ ብቻ ሳይሆን ባጃጅ ውስጥም እለብሰው ነበር። ሰው ሲያርመኝ ደሜ ይፈላል። እናቴ "አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ከጆሮሽ ቀድሞ ነው የተፈጠረው" ትለኝ ነበር። እሷንም አልሰማኋትም።

ነገሩ የሆነው በበጋ፣ ጥምቀት አሥር ቀን ሲቀረው ነው። ከሮቤ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በጋሪ ገባ ብሎ አንድ ኩሬ አለ። የክረምቱ ውሃ ይጠራቀምበትና በጋውን ሙሉ የሦስት መንደር ከብት ይጠጣበታል። በዚያ ዓመት ኩሬው አረንጓዴ ሆነ። አረንጓዴ ስላችሁ እንደ ሣር አይምሰላችሁ፤ ሰው የበር ቀለም የደፋበት ነው የሚመስለው። ከስንዴው ማሳ የታጠበ ማዳበሪያ ገብቶበት፣ ፀሐዩም ከሮ፣ አልጌው ከዳር እስከ ዳር ተራባ። ይሄኛው ዓይነት አልጌ ደግሞ መርዝ አለው። ሁለት ውሾችና አንድ ጥጃ ጠጥተው ሞቱ። ናሙና ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁና "ከዛሬ ጀምሮ አንድም ከብት እዚህ እንዳይጠጣ" ብዬ አዘዝኩ።

ማዘዝ ምን ችግር አለው። ሌላው ውሃ ወንዙ ነው፤ እሱ ደግሞ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ያስኬዳል። ባዘዝኩ በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ኩሬው ዳር ጠበቁኝ። ኦቦ ደበላ ይባላሉ። ሰባ አልፏቸዋል፣ ቀኝ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ ዓይናቸውም ደክሟል፣ ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል። በዚህ ዓለም ያለቻቸው ቡሬ የምትባል አንዲት ዝንጉርጉር ላም ናት። ቡሬ ልትወልድ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀራትም ነበር።

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እኔስ እንደምንም እሄዳለሁ። ቡሬ ግን በዚህ ሆዷ ወንዝ ደርሳ አትመለስም። ጥጃው ከሞተ ወዲህ በጎረቤት አህያ በጀሪካን አመላልሼ አጠጣኋት። ባለ አህያው ግን ከዚህ ወር በላይ አላውስም ብሏል። ውሃው መቼ ይድናል?"

"በአንድ ሳምንት ውስጥ መድኃኒት እረጭበታለሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ይረፍ። ከዚያ ቡሬ ትጠጣለች።"

"ቃልሽ ነው?"

"ቃሌ ነው" አልኩ፣ እጄን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ።

"እንግዲያው ቃልሽን ይዤ እሷን አስራታለሁ" አሉና እያነከሱ ሄዱ።

ዘዴውን ያገኘሁት ከስልኬ ላይ ነው። ባሕር ያላቸው አገሮች ባሕራቸውን አልጌ ሲወርረው ሸክላ አፈር በውሃ በጥብጠው ይረጩበታል። ደቃቁ አፈር አልጌው ላይ እየተጣበቀ ያከብደዋል፤ ተያይዘው ወደ ታች ይሰምጣሉ። አፈር ብቻውን ሲሆን ግን ተራራ የሚያክል ይፈልጋል። ከተክል የተገኘ፣ እንደ ሳሙና የሚያረፋ ነገር ጠብ ሲደረግበት በጥቂት አፈር ብዙ ይሠራል። ይህን ሳነብ እናቴ ነጠላዋን የምታጥብበት እንዶድ ትዝ አለኝ። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፣ ይዘፈዘፋል፣ ያረፋል። እዚሁ በየአጥሩ ሞልቶ የለ! እንዶድ ሲበዛ ዓሣ እንደሚገድል አውቃለሁ፤ ኩሬው ግን ዓሣ የለውም። አንድ አስፈሪ ነገር ብቻ ነበር፦ አልጌው ሲፈነዳ መርዙን ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ስለዚህ ከሁሉም ቀን የከፋው የርጭቱ ቀን ነው። ያን ቀን የጠጣ ከብት አለቀለት።

እንዶድ ፍለጋ ሮቤ ገበያ ወረድኩ። አዴ ሎሚ የሚባሉ ሴት በጆንያ ዘርግተው ይሸጣሉ፤ ከኩሬው አጠገብ ካለችው መንደር ነው የሚመጡት። ያለዎትን ሁሉ እፈልጋለሁ ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ሁሉንም? ስንት ጋቢ ነው የምታጥቢው ልጄ?"

ጠብ ፈላጊ ነበርኩና "ጋቢ አይደለም፣ ኩሬውን ሙሉ ነው የማጥበው" አልኳቸው። ማስረዳት ሲገባኝ ማለት ነው። ስድስት ጆንያ አሰባስበው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወቅጠው እንዲያስረክቡኝ ተስማማን። ቀኑንም ነገርኳቸው። ነገሩ በመንደር እንዴት እንደሚዞር አላሰብኩም።

ቀጣዩ አፈሩ ነው። አምስት ዓይነት አፈር በአምስት ብርጭቆ አረንጓዴ ውሃ ሞከርኩ። አራቱ ደህና ናቸው። አምስተኛው፣ ከኩሬው ወዲያ ካለው ኮረብታ ሥር ያመጣሁት አመድማ አፈር፣ ጉድ ነበር። አንዴ ሳማስለው አልጌውን ጠራርጎ ብርጭቆው ታች አስቀመጠው። ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። አፈሩ የሚወጣበት ቦታ ድሮም የተቆፈረ ነበር፣ ዙሪያውን የከብት ኮቴ ሞልቶታል፣ ድንጋዩ ሳይቀር በምላስ የተላሰ ይመስል ለስልሷል። ማን ቆፈረው፣ ከብት እዚህ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅሁም። ሠላሳ ጆንያ አስቆፈርኩ።

ስናስቆፍር ኦቦ ደበላ በትራቸውን ተደግፈው መጡ።

"ኢንተላ ኮ፣ ይሄ አፈር የከብት ነው።"

"ኦቦ፣ መሬት የመንግሥት ነው" አልኳቸው።

ቆፋሪዎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። በማግስቱ ጆንያዎቹን በጋሪ ስናጓጉዝ መንገድ ላይ አገኙኝ። "ይሄን አፈር ከብት በጣም ይወደዋል" አሉ።

"እኔም ወድጄዋለሁ ኦቦ።"

ከርጭቱ በፊት በነበረው ቀን ጆንያዎቹ ኩሬው ዳር ተደርድረው፣ በርሜሎቹ ተቀምጠው፣ የመስኖው ሞተር ፓምፕ ሲፈተሽ መጡ። ከዚያ ጣታቸውን በምራቃቸው አርጥበው ወደ ላይ ያዙ።

"ነፋሱ ወደ መንደር ነው የሚነፍሰው" አሉኝ።

"ኦቦዬ፣ ነፋስ ኬሚስትሪ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።"

"ኤዬ" አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። "እንግዲያው ቡሬን በሁለት ገመድ ላስራት።"

ምናለ "ለምን?" ብላቸው? አንዲት ቃል ናት። አላልኩም።

ቀኑ ደረሰ። አለቃዬ አቶ ታምራት ባነር የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ሁለት ዛፍ መሃል አሰቅለውታል። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ከየቢሮው እንግዳ ተጠርቷል፣ ድምፅ ማጉያ ተይዟል። ሦስት ሰዓት ላይ አፈሩንና የእንዶዱን ውሃ በበርሜል በጥብጠን ፓምፑን አስነሳነው። ከቱቦው እንደ ወተት ያለ ነገር በኩሬው ላይ ተረጨ። አረንጓዴው ነጣ። እኔ ቱቦውን ይዤ ለፎቶ ጎኔን አስተካከልኩ።

መጀመሪያ የወጡት እንቁራሪቶቹ ናቸው። በሰልፍ፣ ሳይጣደፉ፣ በእንግዶቹ ወንበር ሥር አልፈው ወደ ስንዴው ማሳ ሄዱ። አቶ ታምራት ንግግራቸውን አላቋረጡም። ቀጥሎ አረፋው ተነሳ። እንዶዱ ብርጭቆ ውስጥ እንዲህ አላረፋም ነበር፤ በፓምፕ ኃይል ሲመታ ግን ክምር የሚያክል አረፋ በየዳሩ ቆመ። ነፋሱ እየቆረሰ እንግዶቹ ላይ ይጥለው ጀመር። አንድ ኮት የለበሱ ሰውዬ ጭንቅላታቸው ላይ አረፋ ተሸክመው በጨዋነት ያዳምጣሉ።

"ይሄ የሥራው አካል ነው ወይ?" አሉ አቶ ታምራት ድምፅ ማጉያውን ከአፋቸው ሳያርቁ።

"አዎ" አልኩ። ዋሸሁ።

በዚህ መሃል አዴ ሎሚ መጡ። ብቻቸውን አይደሉም። ከኋላቸው ሠላሳ የሚሆኑ ሴቶች ጋቢ፣ ነጠላ፣ ቀሚስ በሣፋ ተሸክመው ተከትለዋል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፤ መንግሥት ኩሬውን ሙሉ እንዶድ ዘፍዝፎ ሕዝቡ በነፃ እንዲያጥብ አድርጓል ተብሎ በመንደሩ ሁሉ ተወርቷል። የወሬው ምንጭ እኔ ነኝ።

"አዴ ሎሚ፣ ይሄ ልብስ ማጠቢያ አይደለም" አልኳቸው።

አረፋውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ታዲያ ምንድነው?" አሉ።

እሳቸው ሣፋቸውን ሊያስቀምጡ ጎንበስ ሲሉ ድንገት ቀና አሉ። ነጩ ጭቃ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ቀመሱት።

"ቦሌ ነው እንዴ የደፋሽው?"

"ምን?"

"ቦሌ። ጨዋማው የከብት አፈር። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነድተን የምናስልሳቸው፣ ከዚያ ኮረብታ ሥር ያለው። ዘንድሮ እኮ ገና አላስላስናቸውም።" መንደሩ ወዳለበት ዞረው ነፋሱን ፊታቸው ላይ ተቀበሉ። "ወይ ጉድሽ። ሸቷቸዋል።"

እኔም ሰማሁት። መጀመሪያ የአንድ በሬ እምቧታ፣ ቀጥሎ የብዙ፣ ቀጥሎ ኮቴ። አቧራው ከሦስቱም መንደር በኩል ተነሳ። ከብቶቹ በር ያለውን ግቢ በሩን ረግጠው፣ አጥር ያለውን አጥሩን ጥሰው ይመጣሉ። እረኞች ከኋላ ዱላ ይዘው ይሮጣሉ፤ የሚሰማቸው የለም። ሁለት መቶ ይሆናሉ። ያኔ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ። የከብት ነው። ከብት ይወደዋል። ነፋሱ ወደ መንደር ነው። ሽማግሌው ሦስቴ ነግረውኛል። እኔ በዓመቱ ከሁሉ የከፋው ቀን ላይ፣ ከሁሉ የከፋው ውሃ ውስጥ፣ ከብት ነፍሱን የሚሰጥለትን አፈር በፓምፕ ረጭቼ ጠርቻቸዋለሁ።

እንግዶቹ ወንበራቸውን ተሸክመው ዛፍ ሥር ተጠጉ። አቶ ታምራት ድምፅ ማጉያቸውን አልለቀቁም። "ከብቶች ወደ ኩሬው እንዳትገቡ በትሕትና እናሳስባለን" አሉ። እምቢ ሲሏቸው በኦሮምኛ ደገሙት። አንድ ወይፈን ባነሩን በቀንዱ ይዞት አለፈ።

ከብቶቹ ኩሬው ውስጥ ገቡ። ዳር ዳሩን የተኛውን ነጭ ጭቃ ይልሳሉ፤ እንዶዱ ሲመራቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያነጥሳሉ፣ ደግሞ ይልሳሉ። ይገፋፋሉ፣ ይዞራሉ፣ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። የሁሉም አገጭ ላይ ነጭ አረፋ ተንጠልጥሏል። ሁለት መቶ ጢማም ሽማግሌ ጉባኤ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ሰው ሁሉ ይጮሃል፣ ይስቃልም። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቦሌ ጨው ነው፤ ጨው የላሰ ይጠማዋል።

ከዚያ ቡሬን አየኋት። ሆዷ ግራ ቀኝ እየወዘወዛት፣ የተበጠሱ ሁለት ገመዶች እየጎተተች፣ ከሁሉም ኋላ መጣች። ከእሷ ኋላ በሩቁ ኦቦ ደበላ በአንድ እግራቸው እየዘለሉ ይመጣሉ። የማይታጠፈውን ጉልበት እንደ በትር ተሸክመውታል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚሉ አይሰማም።

ገባሁ። ጋውኔን ለብሼ፣ እስከ ጉልበቴ፣ መርዙ ውስጥ። አንደኛውን ገመድ ያዝኩ። ቡሬ አንዴ ጎተተችኝና በደረቴ ተኛሁ። ስነሳ እኔም ጢም አውጥቼ ነበር። አፏን ወደ ጭቃው ስታወርድ አየሁ። ከጭቃው አልፎ ውሃው ጋ ደርሷል ወይ? አላየሁም። በአረፋው መሃል ማንም ማየት አይችልም። አዴ ሎሚ ሣፋቸውን ጥለው ሁለተኛውን ገመድ ያዙና ሁለታችን እየተንሸራተትን ወደ ደረቁ ጎተትናት። ወጣች። ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች፣ አቃሰተች፣ ተኛች።

"ሞተች" አልኩ። እንባዬ መጣ።

"እየወለደች ነው አንቺ" አሉ አዴ ሎሚ።

ኦቦ ደበላ ደረሱ። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። መንበርከክ ስለማይችሉ፣ እኔ ከተንበረከክሁበት በላይ ቆመው አዩና ሁለት ትንንሽ ኮቴዎች ብቅ ማለታቸውን በበትራቸው አሳዩኝ።

"ያዢ" አሉኝ።

"እኔ?"

"ጉልበት ያለሽ አንቺ ነሽ። እሷ ስታምጥ ሳቢ። እሷ ስታርፍ አንቺም እረፊ። ባንቺ ፍላጎት አይደለም፣ በእሷ ነው።"

ስታምጥ ሳብኩ። ስታርፍ አረፍኩ። ስቸኩል "እረፊ" ይሉኛል፤ አርፋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የታዘዝኩበት ቀን የለም። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም፤ ጥጃዋ ባንዴ ሾልካ እቅፌ ላይ ወደቀች። አዴ ሎሚ ለጥምቀት ሊያጥቡት ያመጡትን ጋቢ ከሣፋው አንስተው ጠቀለሏት። ዛፉ ሥር ያሉት እንግዶች አጨበጨቡ። የፕሮግራሙ አካል መስሏቸዋል።

ጥጃዋ ብዙም ሳትቆይ እየተንገዳገደች ተነሳችና ጡት ፈለገች። ያኔ ኦቦ ደበላ ወደ እኔ ዞሩ።

"እናቷ ጠጥታ ከሆነ እንገሩ መርዝ አለበት። እንገር ያልጠባ ጥጃ ደግሞ አይቆምም። የተማርሽው አንቺ ነሽ። ትጥባ ወይስ አትጥባ?"

አቶ ታምራት ድምፅ ማጉያውን አፌ ላይ ደቀኑልኝ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ደግሞ በሰባት ዓመት ሥራ አንዴም ያላልኩትን ቃል አልኩ። በድምፅ ማጉያ፣ ሦስት መንደር እስኪሰማው ድረስ።

"አላውቅም ኦቦ። እርስዎ ምን ይላሉ?"

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጥብበው ተጠጉ። ከዚያ በበትራቸው የቡሬን አገጭ ቀና አደረጉት። አረፋው እንዳለ ተንጠልጥሏል፤ ነጭ፣ ሙሉ፣ ጳጳስ የሚያሰኝ ጢም።

"የጠጣች ላም አፏን እስከ አፍንጫዋ ነው የምትነክረው" አሉ። "ጢሟ ይታጠባል። ይህቺ ግን ጢሟን እንደያዘች ናት። ልሳለች እንጂ አልጠጣችም። ይመራል ያንቺ ነገር፤ ማን ይጠጣዋል? ትጥባ።"

ጠባች።

ከዚያ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ፣ አቶ ታምራትና ያ ኮት የለበሱት እንግዳ የሁለት መቶ ከብት ጢም ስንመረምር ዋልን። አቶ ታምራት በባነሩ ጀርባ ላይ "ባለ ጢም" እና "ጢም የለሽ" ብለው ሁለት ረድፍ ከፍለው ጻፉ። ጢም የለሾቹ ሰባት ሆኑ። ሰባቱን ለይተን አሰርናቸውና ሦስት ቀን ተራ በተራ ጠበቅናቸው። እኔ ለውሃ ካልሆነ ከቡሬም ከሰባቱም አልራቅሁም፤ ወንዝ ሄጄ ውሃ የቀዳሁትም እኔ ነኝ፣ በዚያው በጎረቤት አህያ። አራት ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ነው በእግሬ ያወቅሁት። አንድ በሬ አስቀመጠው፤ በሦስተኛው ቀን እሱም ሣር ጠየቀ። አንድም አልሞተም።

በሦስተኛው ቀን ከኩሬው ዳር ቆሜ ደነገጥኩ። ውሃው ጠርቷል። ብርጭቆ ውስጥ በማንኪያ ሳማስለው የሆነው ሁሉ ኩሬው ውስጥም ሆኗል፤ እኔ ትልቁ ውሃ ውስጥ ማን ያማስላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ፓምፑ ላይ ላዩን ረጨ። እስከ ታች ያማሰሉት ስምንት መቶ የከብት እግሮች ናቸው። አቶ ታምራት ሪፖርቱ ላይ "ርጭቱ በኅብረተሰቡና በእንስሳቱ ንቁ ተሳትፎ ተከናውኗል" ብለው ጻፉ። ቃል በቃል እውነት ነው።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎች፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ትሉኝ ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ላልፈው እችል ነበር። እኔ ግን ችኮላ ብቻ አልነበረም ችግሬ። የሰማሁትን እንደሰማሁ አለመቁጠሬ ነው። ቆይቼ ኦቦ ደበላን "ለምን ጮክ ብለው አልተቆጡኝም?" ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ። "ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ" አሉ። "እኛ ዘንድ ሦስት ይበቃል። አራተኛውን ለከብቶቹ ተውኩት። ቡሬን ግን አስሬ ነበር፤ ሦስተኛ ገመድ ስላልነበረኝ ነው።" ጋውኔ አሁን ላቦራቶሪ ምስማር ላይ ነው የሚውለው። አፈር ከመቆፈሬ በፊት የመንደር ሽማግሌ ፈልጌ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ "አላውቅም" እንደምል ብትሰሙ ደሞዝ መከፈሌ ይገርማችኋል።

ነገር ግን ፈጽሞ ተቀየርኩ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ሁለቱ ሳምንታት አልፈው፣ ምርመራው ንጹሕ ነው ብሎ፣ ቡሬ ጥጃዋን አስከትላ ኩሬው የደረሰች ዕለት ሦስቱም መንደር ወጥቶ ነበር። ወረቀቴን ከፍ አድርጌ "መጠጣት ይቻላል" አልኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኦቦ ደበላ በትራቸውን ተደግፈው ዳር ወረዱ፣ በጣሳ ቀዱ፣ አመጡና ዘረጉልኝ።

"እንኪ" አሉ።

ገባኝ። ወረቀት አላሳመናቸውም፤ ቃሌን በአፌ እንዳጸድቅ ነው የፈለጉት። እዚያ ውሃ ውስጥ ከአልጌ ሌላ ምን ምን እንዳለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሁለት መቶ ከብት ኩሬ ነው። ግን ቃል ቃል ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ባንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ኦቦ ደበላ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት። አድናቆት መስሎኝ ኮራሁ። ቡሬ ወረደችና አፏን እስከ አፍንጫዋ ነክራ ጠጣች።

አሥር ቀን ሆዴን ይዤ ተኛሁ። ጃርዲያ ነው አለ ጤና ጣቢያው፤ ከአልጌው ምንም የለም። በአራተኛው ቀን ኦቦ ደበላ በባጃጅ መጡ። የቡሬን እርጎ በቅል ይዘውልኝ፣ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ፣ የማይታጠፈውን እግራቸውን ዘረጉ።

"ውሃው ነው ያሳመመሽ?"

"የኩሬው ሌላ ነገር ነው ኦቦ። አልጌው አይደለም። ቃሌን አላጠፍኩም።"

ረጅም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ኢንተላ ኮ፣ ያ እኮ የከብት ውሃ ነው፤ እኔ ራሴ ጠጥቼው አላውቅም" አሉ። "በጣሳ የሰጠሁሽ ዓይኔ ስለደከመ ነው። መጥራቱን እንድታዪልኝ። ማን ጠጪ አለሽ?"